ተርሚኒ ጋር «ሀበሻ ነሽ እንዴ?» ሲለኝ

ለስልጠና ሮም ሄጄ አንድ ማታ አንድ ልጅ በአማርኛ «እህቴ፣ ሀበሻ ነሽ እንዴ?» አለኝ፤ እኔ ደግሞ እርምጃዬን ሳልቀንስ «ኖ» ብዬው አለፍኩ። ታሪኩ ይኸው ነው። አልተከተለኝም፣ አልሰደበኝም፣ እጁንም አልዘረጋብኝም። በዛው ሳምንት እውነት እውነት የሚያስፈራ ነገር የገጠመኝ ከሌላ ሰው ነው፣ እሱንም እደርስበታለሁ፣ ግን ሀገሬ ከገባሁ በኋላ ዕቃ ሳጥብ ወይ ታክሲ ሰልፍ ላይ ቆሜ ድንገት ብቅ የሚልብኝ ያ ልጅ ነው። ያስፈራኝን ሰውዬ መልኩን እንኳን በደንብ አላስታውሰውም፣ ምንም ያላደረገኝ ልጅ ግን አልፋታኝ አለ። ለምን እንደሆነ እየጻፍኩ ነው የማስበው፣ ስለዚህ ከዘበራረቅኩ ታገሱኝ።

ብቻዋን አውሮፓ ለምትሄድ ሴት የሚሰጠውን ምክር አልደግምላችሁም። ቦርሳሽን ከፊትሽ አድርጊ፣ ስልክሽን አውቶቡስ በር ጋር አታውጪ፣ ከተርሚኒ፣ ከሮም ዋናው ባቡር ጣቢያ፣ ወደ ቫቲካን በሚሄደው 64 ቁጥር አውቶቡስ ላይ ኪስሽን ያዢ፣ ኤርፖርት ውስጥ «ታክሲ ታክሲ» እያለ የሚጠጋሽን ትተሽ ውጪ ከተሰለፉት ነጫጮቹ ግቢ፣ እነሱ እስከ መሃል ከተማ የተቆረጠ ዋጋ አላቸው። ይኼ ሁሉ ልክ ነው፣ አድርጉት። እኔን የበላኝ ግን ከዚህ ውስጥ የለም።

ማርሳላ ጎዳና

የዛን ቀን ስልጠናችን ቀደም ብሎ አለቀና የአክሱም ሀውልት ቆሞ የነበረበትን ቦታ ልይ ብዬ ቺርኮ ማሲሞ ወደሚባለው ሰፊ ሜዳ ወረድኩ። ሀውልቱ በ1997 ሀገሩ ገብቷል፣ ፋኦ (የተባበሩት መንግሥታት የምግብና እርሻ ድርጅት) ህንጻ ፊት ለፊት አሁን የሚተራመሰው መኪና ነው፣ ግን የሌለ ነገር ለማየት መሄድም የራሱ ደስታ አለው መሰለኝ ቆየሁ፣ ፎቶ አነሳሁ፣ መሸብኝ። በሜትሮ ተርሚኒ ተመልሼ ጣቢያው ውስጥ ውሃና ዳቦ ገዛሁና በማርሳላ ጎዳና በኩል ወጣሁ። ማረፊያዬ ወደ ካስትሮ ፕሬቶሪዮ ሰፈር ነው፣ በእግር አስር ደቂቃ ቢሆን ነው።

ተርሚኒን ማታ ያያችሁ ታውቁታላችሁ። ቀን ሻንጣ የሚጎትት ቱሪስት ነው የሞላው፣ ሲመሽ ካርቶን አንጥፎ የሚተኛው ይበዛል። ፊት ለፊቱ ያለው ትልቁ አደባባይ የተሰየመው በ1879 ዶጋሊ ላይ የራስ አሉላ ጦር ለደመሰሳቸው አምስት መቶ የጣልያን ወታደሮች ነው። (አሉላ አባ ነጋ ያን ሁሉ ጦር ድባቅ መትቶ፣ እኔ የነሱ መታሰቢያ አጠገብ ሁለት ሊትር ውሃ ታቅፌ በፍርሃት ስከንፍ ቢያየኝ ምን ይል ነበር እያልኩ ስቄያለሁ፣ የሳቅኩት ግን በኋላ ነው።)

ልጁ አንድ የተዘጋ ሱቅ የብረት መዝጊያ ተደግፎ ቆሟል። ጃኬቱ ከልኩ ሰፍቶ እጅጌው ጣቶቹን ሸፍኗል፣ በወረቀት ኩባያ ትኩስ ነገር ይዟል፣ እንፋሎቱ ይታያል። ሃያ ሁለት ሃያ ሦስት ዓመት ቢሆነው ነው። ድምፁን ከፍ አላደረገም፣ ከግድግዳውም አልተነቃነቀም። እኔ «ኖ» ስለው ፈገግ አለ። ማንን ልሸውድ ነው፣ ፊቴን ያየ ሰው ከየት እንደሆንኩ ሳይጠይቅም ያውቃል። አንገቱን ነቅነቅ አደረገና «እሺ፣ በሰላም ግቢ» አለኝ። በአማርኛ።

«አሜን» አፌ ላይ ደርሶ ነበር። ዋጥኩት። መንገዱን ተሻገርኩ፣ ጥጉ ጋር ስደርስ ዞር ብዬ አየሁ፣ ቆሞ ኩባያውን ይጠጣል፣ ወደኔም አያይም።

አዲስ አበባ ያስለመደችን

መጀመሪያ ለራሴ ያልኩት «ደግ አደረግሽ» ነው። አሁንም ማታ አራት ሰዓት ላይ ብቻዬን ሆኜ ለማላውቀው ወንድ አለመቆሜ ልክ ነው እላለሁ፣ ማንም መጥቶ አያሳምነኝም። እኛ እኮ ይኼን ትምህርት ሮም አልተማርነውም። መገናኛ ላይ ሲመሽ ታክሲ የጠበቀች፣ በለከፋ መሃል አንገቷን ደፍታ ያለፈች፣ ራይድ ውስጥ ገብታ ታርጋውን ለእህቷ ቴክስት ያደረገች፣ ስልክ ሳይደወልላት «ሄሎ፣ አዎ ደርሻለሁ፣ በር ላይ ጠብቀኝ» እያለች ከሌለ ወንድም ጋር ያወራች ሴት ሁሉ ዲግሪዋን ይዛለች።

ልዩነቱ አዲስ አበባ ላይ ከጮኽሽ ሰው አለ። «ኧረ የሰው ያለህ!» ካልሽ ባለሱቁም፣ ጀብሎውም፣ ከላይ ፎቅ ልብስ የምታሰጣውም ብቅ ይላሉ፣ የሚረዳሽ ቢጠፋ እንኳን የሚያይ አይጠፋም። ሮም ላይ ምን ብዬ ነው የምጮኸው? ይኼን የጠየቅኳት እዛ ብዙ ዓመት የኖረችውን የአክስቴን ልጅ ነው፣ ታላቄ ናት፣ ቤተሰቡ ሁሉ እታለም ነው የሚላት። አንዲት አሮጊት ሴትዮ ቤት አብራ እያደረች ትንከባከባለች፣ የሷ የምትለው ቀን እሁድና የሐሙስ ከሰዓት ነው፣ እዛ የቤት ሰራተኛ የሆነ ሀበሻ ሁሉ በሐሙስ ከሰዓት ነው የሚገናኘው።

እታለም «ለሕዝብ አትጩሂ» አለችኝ። «ለሕዝብ ከጮኽሽ ሁሉም ሌላው ይረዳታል ብሎ ያልፋል። አንዲት ሴትዮ ምረጪና ወደ እሷ ሄደሽ ‹ሲኞራ!› በያት፣ ክንዷን ያዢ፣ እንደምትተዋወቁ ሁኚ።» ሌላም አለች። መኪና እያዘገመ ከጎንሽ የሚሄድበት ጊዜ አለ፣ ጥቁር ሴት ማታ መንገድ ዳር ቆማ ካዩ መስታወት ዝቅ አድርገው ዋጋ የሚጠይቁ ወንዶች አሉ፣ እሷን ሥራ ጨርሳ አውቶቡስ ስትጠብቅ ጠይቀዋታል። ስለዚህ መኪናው በሚመጣበት አቅጣጫ ፊቷን አዙራ ነው የምትሄደው፣ ከኋላዋ ቀስ ብሎ ሊከተላት አይችልም፣ ካማረው ወደኋላ ይንዳ። እንዲህ ያለውን ነገር የትኛውም ዩቲዩበር አልነገረኝም።

ስለልጁም ያኔውኑ ነገርኳት። ትስቃለች ብዬ ነበር፣ አልሳቀችም።

«ታዲያ ለጠየቀሽ ሁሉ መታወቂያ ማሳየት አለብሽ እንዴ?» አለች። «ምናልባት ዳቦ ፈልጎ ይሆናል። ምናልባት ስልክሽን። ምናልባት አማርኛ ብቻ አምሮት። ሦስቱን ማታ አራት ሰዓት ላይ ቆመሽ አታጣሪም።»

«እሱማ ልክ ነሽ» አልኳት። «ግን በሰላም ግቢ ነው ያለኝ።»

ዝም አለችኝ ትንሽ። ከዛ ስለ ኩርታቶኔ ጎዳና ነገረችኝ። ከኔ ማረፊያ ብዙም አይርቅም፣ ኢንዲፔንደንሳ አደባባይ ጥግ ላይ ያለ ትልቅ የቢሮ ህንጻ ነው፣ በብዙ መቶ የሚቆጠሩ ኤርትራውያንና ኢትዮጵያውያን ስደተኞች ለዓመታት ይኖሩበት ነበር፣ አብዛኞቹ ሕጋዊ ወረቀት ያላቸው፣ ልጆቻቸውን እዛው አካባቢ የሚያስተምሩ። እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በነሐሴ 2017 ፖሊስ አስወጣቸው፣ አደባባዩ ላይ አዳር የቆዩትን ደግሞ ከቀናት በኋላ በውሃ መርጫ መኪና በተናቸው፣ ሴቶችም ነበሩበት። እታለም የምታውቃቸው ነበሩ። «ከዛ በኋላ የት እንደሄዱ የማላውቃቸው አሉ» አለች። ልጁ ከነሱ አንዱ ነው እያለች አይደለም፣ ቢሆንም ያኔ ልጅ ነበር። ዝም ብላ ያ ሰፈር ለኛ ሰው ምን እንደሆነ እየነገረችኝ ነው።

ዘመድ ከዘመዱ አህያ ካመዱ ይላል ያገሬ ሰው። እኔ ዘመዴን ዘልዬ የት ሄድኩ? ወደ ማረፊያዬ። ማረፊያዬ ደግሞ ማን እየጠበቀኝ እንደነበር ስሙ።

ቁልፍ የያዘው

ቤቱንም ሰውየውንም አልጠራም። የድሮ ህንጻ ሦስተኛ ፎቅ ላይ ያለ፣ ጥቂት ክፍሎች ያሉት ፔንሲዮን፣ አነስተኛ ማረፊያ ቤት ነው፣ ፎቶው ላይ ንጹህ፣ አስተያየቱ «ባለቤቱ በጣም ተግባቢ ነው» የሚል። ተግባቢ ነው። ስገባ ሻንጣዬን ተሸክሞልኛል፣ ካርታ ላይ በእስክሪብቶ አክብቦልኛል፣ ሸሚዙ የተተኮሰ፣ ሽቶው የሚሸት፣ ዕድሜው ካባቴ ብዙ የማያንስ። ፓስፖርቴን ተቀበለኝ፣ ይኼ ኖርማል ነው፣ ጣልያን ውስጥ ማረፊያ ቤት ሁሉ የእንግዳውን መረጃ በ24 ሰዓት ውስጥ ለፖሊስ የማሳወቅ ግዴታ አለበት። ኖርማል ያልሆነው በግል ስልኩ ፎቶ ማንሳቱ ነው፣ ያኔ ግን ልብ አላልኩትም፣ ሰው ሻንጣሽን ተሸክሞልሽ እንዴት ትጠረጥሪዋለሽ።

ከልጁ ማግስት ማታ ዋትሳፕ ገባ። «በሰላም ገባሽ?» አልመለስኩም። «ጥሩ ወይን አለኝ።» አልመለስኩም። «ብቻሽን ለምን ትሆኛለሽ፣ ቤላ።» ቆንጆ ማለቱ ነው። መብራት አጠፋሁ። ከትንሽ ጊዜ በኋላ ኮሪደሩ ላይ የቁልፍ ድምፅ ሰማሁ፣ አንድ ቁልፍ አይደለም፣ የሁሉም ክፍል ቁልፍ ያለበት ትልቅ ዘለላ፣ ሲራመድ ቸል ቸል ይላል፣ የኔ በር ላይ ሲደርስ ቆመ። በጣቱ አንጓ ሁለቴ አንኳኳ። ለስለስ አድርጎ «አንድ ነገር ረስተሻል» አለ።

ምንም አልረሳሁም። በሩን ከውስጥ የሚቆልፈው እሱ በእጁ ይዞት ባለው ዓይነት ቁልፍ ብቻ ነው፣ መቀርቀሪያ የለውም። ወንበሩን አንስቼ እጀታው ስር ወተፍኩ፣ እጄ እየተንቀጠቀጠ ለእታለም ደወልኩ፣ በሹክሹክታ «በሬ ላይ ነው» ብቻ አልኳት። «ስፒከር አድርጊውና ስልኩን በሩ ላይ ለጥፊው» አለች።

ለጠፍኩት። ከዛ ከስልኬ ውስጥ እንዲህ ያለ ጣልያንኛ ወጣ፣ እኔ አንድም ቃል አልገባኝም፣ ግን ድምፁ የሮም ገበያ ላይ የተበላሸ ቲማቲም ከሸጠላት ሰው ጋር የምትጣላ ሴትዮ ነው፣ ከኋላዋ ደግሞ ያቺ የምትንከባከባት አሮጊት ከእንቅልፏ ነቅታ ምንድነው ምንድነው እያለች ትጮሃለች፣ ሁለቱም አንድ ላይ። መሃል ላይ «ቼንቶዶዲቺ» የሚለውን ሰማሁ፣ 112፣ የአደጋ ጊዜ ቁጥሩ፣ እሱን እኔም አውቀዋለሁ፣ አውሮፓ ኅብረት ውስጥ የትም ብትሆኑ ይሠራል። ዝም አለ ኮሪደሩ። ከዛ ቸል ቸል እያለ ራቀ። እስኪነጋ ልብሴን እንደለበስኩ ተቀምጬ ነው ያደርኩት።

በነጋታው ሐሙስ ነበር። እታለም ገና ከሰዓት ሳይሆን ሰዓቷን ለምና መጣች፣ ቀሚሷን ለብሳ፣ ሊፕስቲክ ተቀብታ፣ እንደ ሰርግ። ሰውዬው ዴስኩ ጋር ቆሟል፣ ሸሚዙ ዛሬም የተተኮሰ ነው። በአሁኑ አልጮኸችም፣ በጣም ቀስ ብላ ነው ያወራችው፣ እሱ «አለመግባባት ነው» ዓይነት ነገር እያለ እጁን ያወናጭፋል፣ እሷ የዋትሳፑን መልእክት ከስልኬ ላይ አንድ በአንድ አነበበችለት፣ «ቤላ» የሚለው ላይ ስትደርስ ቆም አለች። የቀሩትን ሌሊቶች ገንዘብ መለሰ። የፓስፖርቴን ፎቶ ከስልኩ ላይ እያየነው አጠፋ፣ ከዛም የተጣሉት ማህደር ውስጥ ገብቶ እንዲያጠፋው አደረገችው፣ እኔ እሱን አላስብም ነበር። ከዛ ቪቶሪዮ አደባባይ ጋ ካሉት የቻይና ሱቆች ወሰደችኝና በር ስር የሚሸጎጥ ሦስት ማዕዘን ጎማ ገዛችልኝ፣ ከጥቂት ዩሮ አይበልጥም፣ አሁን ሻንጣዬ ውስጥ ነው የሚኖረው።

ጥርጣሬን ለማን ነው የምናውለው

እንግዲህ ሁለቱን ማታዎች ጎን ለጎን አስቀምጡልኝ። አንደኛው ማታ ላይ ያለው ልጅ ስሜን አያውቅም፣ ስልኬን አያውቅም፣ የት እንደማድር አያውቅም፣ ያለው አንድ ጥያቄ ብቻ ነው፣ ጥያቄውንም ስመልስለት መርቆ ሸኘኝ። ሁለተኛው ማታ ላይ ያለው ሰውዬ ፓስፖርቴ አለው፣ ቁጥሬ አለው፣ የበሬ ቁልፍ አለው። እኔ ጥንቃቄዬን በሙሉ ያፈሰስኩት መንገድ ላይ ነው። ከሜትሮ እስከ ማረፊያዬ ድረስ ጡንቻዬ ሁሉ ተወጥሮ መጥቼ ሰውዬው ዴስክ ጋር ስደርስ ነበር «እፎይ» የምለው።

ጠርጥር፣ ከገንፎ ውስጥም አይጠፋም ስንጥር እንላለን፣ ግን እውነቱን እንነጋገር ከተባለ እኛ ገንፎውን ማን እንዳቀረበው አይተን ነው የምንጠረጥረው። ጃኬቱ የሰፋው ልጅ ይጠረጠራል፣ ሸሚዙ የተተኮሰው ይታመናል። ይኼ ደግሞ የኔ ብቻ ፀባይ አይደለም፣ ተርሚኒ አካባቢ ፖሊስ ወረቀት አሳይ የሚለው እነማንን እንደሆነ አንድ ሰዓት ቆሞ ማየት ይበቃል። እኔ ራሴ ጥቁር ሴት ሆኜ፣ መኪና አቁመው ዋጋ የሚጠይቋት የእታለም ዘመድ ሆኜ፣ ያንኑ ዓይን ተውሼ ነው የኔኑ ሰው ያየሁበት። አሁን ጥርጣሬ ይቅር እያልኩ አይደለም። አንድ ሰው ላይ ጥርጣሬዬን ከማዋሌ በፊት በእጁ ምን አለ ብዬ መጠየቅ ይሻለኛል፣ ከመልኩ ይልቅ። ቁልፍ አለው? አድራሻዬ አለው? «አይ» ካልኩት በኋላ ይቆማል ወይስ ይቀጥላል? ልጁ አንድ ጊዜ «ኖ» አልኩት፣ በቃው። ሰውዬው በሦስት መልእክት ዝም ብዬው ተነስቶ መጣ።

ጣልያኖቹም ይኼን የተማሩት በሀዘን ነው። እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በኅዳር 2023 አንዲት የ22 ዓመት የዩኒቨርሲቲ ተማሪ በቀድሞ ፍቅረኛዋ ተገድላ ሀገሩ ሲናወጥ፣ እኔ የሌለ ሀውልት ለማየት የወረድኩበት ቺርኮ ማሲሞ ለተቃውሞ በወጡ ሴቶች ሞልቶ ነበር። እታለም ከአሮጊቷ ጋር በቲቪ አይታዋለች። ማታ መንገድ ላይ የደረሰባት ባዕድ አልነበረም የገደላት። ሰው ተከታትሎ ማስጨነቅ እዛ በነሱው አቆጣጠር ከ2009 ጀምሮ ራሱን የቻለ ወንጀል ነው፣ 1522 የሚባል በነጻ፣ ሌት ተቀን፣ ከጣልያንኛ ውጪ በሌሎች ቋንቋዎችም የሚያናግር ቁጥር አለ፣ ለተጓዥም ለነዋሪም። የኔ ቢጤ መንገደኛ ግን ቁጥሩን የምታውቀው ከደረሰባት በኋላ ነው፣ ኤርፖርት ግድግዳ ላይ የሽቶ ማስታወቂያ እንጂ እሱን አልለጠፉትም።

እና ልጁስ? ከእታለም ጋር እዚህ ላይ አልተስማማንም። እሷ «ኖ ማለትሽም ምንም አይደል፣ ውሸት እንኳን ቢሆን ለነፍስሽ ነው» ትላለች። እኔ አለመቆሜንና ኖ ማለቴን ለያይቼ ነው የማያቸው። አለመቆሜ ጠበቀኝ። «ኖ»ው ግን ከምን ጠበቀኝ? እየሄድኩ «አዎ ወንድሜ፣ ቸኩያለሁ፣ ደህና እደር» ብለው እግሬ አንድ እርምጃም አይዘገይም ነበር። ይኼን ስላት ሳቀች፣ ለካ እሷ ራሷ እንደዛ ነው የምታደርገው። ቀን ከሆነና ሰው ካለ ትቆማለች፣ ዳቦ ከፈለገ ዳቦ ትገዛለታለች፣ ወረቀት የሌለው ከሆነ የት ሄዶ ምግብና ልብስ እንደሚያገኝ ትነግረዋለች፤ ሲመሽ ደግሞ ሰላምታዋን እየተራመደች ትጥላለች። «እኔ እዚህ ነው የምኖረው፣ አንቺ እንግዳ ነሽ፣ አንድ አይደለንም» አለችኝ። ይኼም ልክ ሳይሆን አይቀርም። ነዋሪ ስትሆኚ የትኛው ጥግ ላይ ማን እንደሚቆም ታውቂያለሽ፣ ለሳምንት የመጣች ሴት ሁሉም ጥግ ለሷ አንድ ነው። እኔ ግን አሁንም «አሜን»ዋን ብያት ቢሆን እላለሁ።

አሁን ደግሞ ለሌላ ስልጠና ሚላኖ ልሄድ ነው። ማረፊያ ሳልይዝ ለአራት ቦታ አንድ ዓይነት መልእክት ላክሁ፦ ማታ ሪሴፕሽን ላይ ማን ነው ያለው፣ የክፍሌ መለዋወጫ ቁልፍ ማን እጅ ነው የሚያድረው፣ በሩስ ከውስጥ መቀርቀሪያ አለው? አንዱ መልስ አልሰጠኝም። አንዱ የቁርስ ሜኑ ላከልኝ። አንዱ «ለምን ትጠይቂያለሽ?» አለኝ፣ እሱን ወዲያው ሰረዝኩት። አንዲት ሴትዮ ግን በአስር ደቂቃ ውስጥ መቀርቀሪያውን ተዘግቶም ተከፍቶም ፎቶ አንስታ ላከችልኝና ስር «እኔም ብቻዬን ነው የምጓዘው» ብላ ጻፈች። እሷ ጋር ቡክ አድርጌያለሁ። ቁርስ የላትም፣ ከሜትሮም ትንሽ ይርቃል።